በሙቀት የተሞላ ጥይት

የኮልተንን ጠመንጃ አፈሙዝ ስጠርግ ከውስጡ የወጣውን ጨርቅ ብታዩ ምሳችሁን ትተዉት ነበር። አረንጓዴ የመዳብ ዝገት፣ ጥቁር የባሩድ ጥላሸት፣ ከዚያ ደግሞ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልገባኝ የሚያዳልጥ ነገር። ሁለት ዓመት ሙሉ ተኩሶበታል፤ አንድ ቀን መጥረጊያ ዘንግ አስገብቶበት አያውቅም። ጥርሱንም የሚያጸዳ አይመስለኝም። ከታችኛው ከንፈሩ ሥር ትንባሆ ወሽቆ፣ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ እንትፍ እያለ፣ ጠርሙሱን አምጥቶ የእኔ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ከባሩድ ሚዛኔ አጠገብ ይገትረዋል። ባሩድ በፍሬ በምቆጥርበት ቦታ ላይ ቡናማ ምራቅ።

«አለቃ፣ ይቺን ነገር እስከ ሺህ ያርድ አድርስልኝ እንጂ» ይለኛል።

«መጀመሪያ መቶ ያርድ ላይ ያለ ቆርቆሮ ምታ።»

«አይ አለቃ፣ አንተ እኮ ያለፈ ዘመን ሰው ነህ።» ይስቅና እንትፍ ይላል።

እንዲህ ያለ ሰው ያንገሸግሸኛል። እሱ ብቻ ሳይሆን አሁን የመጡት ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ሸንተረር ላይ በደረታቸው ይተኛሉ፣ ስልካቸው ላይ ነፋስ ያሰላሉ፣ ማዶ ያለው እንስሳ ሰው መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ይተኩሱበታል። ከወደቀ ቪዲዮ ነው። ካልወደቀ ደግሞ ስልኩን ኪስ ከትቶ ወደ ሌላው። ሸለቆውን ተሻግሮ ደም ፍለጋ የሚሄድ የለም፤ ሩቅ ነዋ። እኔ ሆሊስ ከአራት መቶ ያርድ በላይ በሕይወት ባለ ነገር ላይ ተኩሼ አላውቅም። ይህን ለመጣው ሁሉ እነግራለሁ። ነግሬ ስጨርስ ደግሞ እስከ ስምንት መቶ የሚያደርሳቸውን ጥይት እሞላላቸዋለሁ። ይኼኛውን ለማንም አልናገርም።

ሥራዬ ይኸው ነው። የተተኮሰበትን ቀለህ ሰብስቦ ማጠብ፣ ወደ ልኩ መመለስ፣ ቂጡ ላይ አዲስ ማስነሻ መክተት፣ ባሩድ መዝኖ ማፍሰስ፣ ከላይ አረሩን መግጠም። የፋብሪካ ጥይት ለሁሉም ይሆናል ተብሎ የተሰፋ ኮት ነው፤ እኔ ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ለክቼ እሰፋለሁ። ከዚያ ተኩሼ ፍጥነቱን እለካለሁ፤ በየርቀቱ አረሩ ስንት እንደሚወርድ አሰላና ትንሽ ሠንጠረዥ ጽፌ ሰደፉ ላይ እለጥፋለሁ። ተኳሹ ሠንጠረዡን አይቶ የማነጣጠሪያ መነጽሩን ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው። ጥይቱን በሣጥን አድርጌ ስሰጥ ደግሞ ክዳኑ ውስጥ የባሩዱን ስም፣ ምዝኑንና ወሩን በእጄ እጽፋለሁ። በዋዮሚንግ ግዛት በእኛ ሸለቆ አርባ ዓመት እንዲህ ሠርቻለሁ። ሰው «የሆሊስ ጥይት ነው» ካለ ሌላ ጥያቄ አይጠየቅም ነበር።

ኤልደን የአርባ ዓመት የአደን ጓደኛዬ ነው። ኮልተን የሚባለውን ጉድ ያመጣብንም እሱ ነው፤ ልጁን ድሮለት። በግንቦት ኤልደን ደብዳቤ ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ‹የሞተ በቅሎ› ከሚባለው ሸንተረር አንድ ኮርማ ኤልክ፣ ያንን ትልቅ አጋዘን፣ ለመግደል ፈቃድ። በዚያ ሸንተረር የሚታደነው በዕጣ ነው፤ ኤልደን አስራ ዘጠኝ ዓመት አመልክቶ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሳይወጣለት ቀርቷል። ማመልከቻውን በየክረምቱ የምትሞላለት ሚስቱ ማርቫ ነበረች። እሷ ከሞተች ወዲህ ራሱ ይሞላል፤ ግን በስክሪብቶ ጀምሮ በእርሳስ ይጨርሳል።

«ወጣልህ?» አልኩት።

«ሳንባዬ ካለቀ በኋላ ወጣልኝ።» ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ጠበቀ። «ሐኪሙ ዘንድሮ ከወጣህ ወጣህ፣ ከዚያ ወዲያ ተራራ እርሳ ብሎኛል።»

«ታዲያ ዘንድሮ እንወጣለና።»

«ጥይቱን አንተ ትሞላልኛለህ።»

«እና ማን ሊሞላልህ ኖሯል?»

ከዚህ በኋላ ያለውን ስናገር ራሴን ሳልምር ነው። እኔ የምጠቀምበት ባሩድ ቢሞቅም ቢበርድም ጠባዩ አንድ ነው። በዚያ ዓመት ግን ከየሱቁ ጠፋ። መደርደሪያዬ ላይ የቀረኝ አንድ አሮጌ ጣሳ ነበር፤ በዘመኑ ጥሩ የነበረ፣ ግን ብርድ ሲመታው የሚሰንፍ፣ አረሩንም ከልኩ ዝቅ የሚያደርግ ባሩድ። ጥይት የሚሞላ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። በሐምሌ፣ በእኛ የበጋ እምብርት፣ የመኪና በር በባዶ እጅ በማይነካበት ሙቀት ከእሱ ሞላሁለት። ለጊዜው ይለማመድበት፣ እስከ መኸር ያንን የለመድኩትን ባሩድ አገኛለሁ፣ ካጣሁም ሲበርድ እንደገና ተኩሼ ሌላ ሠንጠረዥ እሠራለሁ አልኩ። ክዳኑ ውስጥም እንደ ልማዴ ጻፍኩ፤ የባሩዱን ስም፣ ምዝኑን፣ ሐምሌ።

ኤልደን በጋውን ሙሉ ተኮሰ። ሰባት መቶ ያርድ ላይ ሦስት ጥይት በአንድ የሾርባ ሰሃን ውስጥ ያስገባል። ሳንባው ቢያልቅም እጁ ድንጋይ ነበር።

በጥቅምት ውርጩ ሲጀምር ወደ ቤቴ መጣ፤ ኮልተን ጠርሙሱን ይዞ ከኋላው።

«ሆሊስ፣ ጥይቷን በብርዱ አንዴ ብንሞክራት ምን ይመስልሃል?» አለኝ ኤልደን።

እኔ አፌን ሳልከፍት ኮልተን ቀደመኝ። «ምነው፣ አለቃም ይሳሳታል እንዴ? እኔ እኮ ቅዱስ ነው ብላችሁኝ ነው።»

ቆሽቴ አረረ። የዚያ ትንባሆ የበላው ከንፈር ሲስቅ ማየት ይቀፈኝ ነበር። «የእኔ ቁጥር አይዋሽም» አልኩ። «ሂዱና እግራችሁን አለማምዱ።»

ረስቼው ነበር ብላችሁ እኔም ደስ ባለኝ። አልረሳሁትም። በየቀኑ ጠዋት ያ ጣሳ ከመደርደሪያው ያየኛል። ነገ እሞክራለሁ እያልኩ የሌላ ሰው ቃታ ስሞርድ፣ የሌላ ሰው መቀርቀሪያ ስቀባ ኅዳር ገባ።

ሸንተረሩ ላይ ስንደርስ ጎህ ቀዶ ነበር፤ የያዝነው ውሃ ግን በረዶ ሆኗል። ኤልደን በየሃያ እርምጃው ይቆማል፤ ትንፋሹ እንደተቀደደ ወናፍ ያፏጫል። ከላይ ስንደርስ ኮርማው ማዶ ተዳፋት ላይ ብቻውን ሣር ይጭራል። እኔ ብዙ ኤልክ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ቀንድ ግን ከሁለት ጊዜ በላይ አላየሁም። ኤልደን ኮፍያውን አወለቀ።

ኮልተን የርቀት መለኪያውን ዓይኑ ላይ አድርጎ «ስድስት መቶ ዘጠና» አለ። ስልኩን አውጥቶ በራሱ አቅራቢ መነጽር ላይ መግጠም ጀመረ።

«እሱን ኪስህ ክተትና በገደሉ በኩል እንውረድ» አልኩ። «ሦስት መቶ እንደርሳለን።»

ኤልደን ገደሉን አየው። ብዙ አየው። «ሆሊስ፣ ብወርድ አልወጣም።»

«ደግሞ መውረድ ለምን አስፈለገ?» አለ ኮልተን። «ሠንጠረዡ ሰደፉ ላይ ተለጥፏል። ቁጥሬ አይዋሽም ያለው ማን ነበር?»

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ‹ቁጥሩ የሐምሌ ነው፣ ትንሽ ከፍ አድርገህ ያዝ› ማለት ብቻ። እስኪ ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? ኮልተን ፊት ቃሉ አልወጣ አለኝ። አራት ጣት ዝቅ ቢል ነው፣ ሳንባውን ቢስት ልቡን ያገኘዋል ብዬ ለራሴ ዋሸሁና ዝም አልኩ። ኤልደን በጀርባ ቦርሳዬ ላይ ጠመንጃውን አስደግፎ ተኛ፤ ሠንጠረዡን አየ፣ የመነጽሩን ቁልፍ ቀ ቀ ቀ አደረገ፣ ትንፋሹን ያዘ። ቃታውን የሳበው እንዳስተማርኩት ነው።

አረሩ ሥጋ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ከማዶ ዘግይቶ መጣ። ኮርማው ተንገዳገደ። መልሶ ሲቆም የፊት ግራ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተሰብሮ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር። ኤልደን ድጋሚ እስኪያቀባብል ድረስ በሦስት እግሩ እየዘለለ ጥዱ ውስጥ ገባ።

«ተመታ፣ ተመታ፣ ይዤዋለሁ» ይላል ኮልተን፤ የያዘው ቪዲዮውን ነው።

ገደሉን እኔና እሱ ወረድን። በረዶው ላይ ደም አለ፣ ጸጉር አለ፣ የአጥንት ስብርባሪ አለ። አንዱን አንስቼ ኪሴ ከተትኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ኮልተን በመንገዱ ሁሉ እንትፍ እያለ ከደሙ ጎን ቡናማ ምልክት ይተዋል፤ ላንቀው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ቀትር ላይ በረዶ መጣል ጀመረና ደሙን ሸፈነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በጥዱ ውስጥ ዞርን። የለም። እንዲህ የተመታ ኮርማ ቶሎ አይሞትም፤ ቀናት ይፈጅበታል፣ ቀበሮዎችም ይቀድሙታል።

ስንመለስ ኤልደን ግንድ ላይ ተቀምጧል። ፊታችንን አየ። የደረት ኪሱን ከፍቶ ፈቃዱን አወጣ፣ ቢላዋውን አወጣ፣ ያደነ ሰው ፈቃዱን እንደሚዘጋው ወሩንና ቀኑን ከካርዱ ላይ ቆርጦ ጣለ።

«ምን እያደረክ ነው?» አለ ኮልተን፤ በእውነት ደንግጧል። «ገና ስድስት ቀን አለህ። ያልተገኘ እንስሳ አይቆጠርም፤ ሕጉ እኮ አያስገድድህም። ማንም አላየም።»

«እኔ አየሁ» አለ ኤልደን።

በእኛ አገር ደም ካፈሰስክ አድነሃል፤ ሥጋውን በላኸውም አልበላኸውም ካርድህን ትቆርጣለህ። አባቶቻችን እንዲህ አድርገዋል፣ እኛም እንዲሁ። ከሃያ ሰው ሁለቱ እንኳ ዛሬ ይህን ያደርጋል ብዬ አልምልም። ኤልደን ግን አስራ ዘጠኝ ዓመቱን በቢላ ጫፍ ቆርጦ በረዶው ላይ ጣለውና ተነሥቶ መውረድ ጀመረ።

መኪና ውስጥ ኮልተን ይነዳል፤ እኔ መሀል፣ ኤልደን የጥይት ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በመስኮቱ በኩል። ኮልተን በአንድ እጁ ስልኩን ሰጠኝ። «እይ እስቲ አለቃ፣ ሽማግሌው ምን እንዳደረገ።»

አየሁት። ነፋስ ቢሆን ወደ ጎን ይወስደዋል። እጅ ቢንቀጠቀጥ ወደየትም ይሄዳል። ያ አረር ግን ከትከሻው መሀል ልክ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው የወረደው፤ አንድ ክንድ ሙሉ። በመስመር ብታሰምሩት እንዲህ አይቃናም። አራት ጣት ብዬ ለራሴ የዋሸሁት አንድ ክንድ ሆኖ ተገኘ። ስልኩን መለስኩለት።

ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ኤልደን ሣጥኑን ክድን አደረገና «እጄ ነው» አለ። «እጄ ሄዷል። ከእንግዲህ ጠመንጃ መያዝ የለብኝም።»

ኮልተን ጠርሙሱ ውስጥ እንትፍ አለ። ሁለቱም እኔ የምለውን ጠበቁ።

«ዕድሜ ነው» አልኩ። «ሁላችንም ላይ ይመጣል።»

አዎ፣ ብያለሁ። ከዚህ አፍ ነው የወጣው።

በማግሥቱ ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ ከዚያው ከሐምሌው ሙሌት የቀረኝን አምስት ጥይት ይዤ ወደ ሜዳ ወጣሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ብርዱ ላይ አስቀመጥኳቸውና በፍጥነት መለኪያው ላይ ተኮስኩ። አምስቱም ሰነፉ፤ አንዷ እንኳ ልታድነኝ አልፈለገችም። ደብተሬ ላይ አሰላሁት፤ በስድስት መቶ ዘጠና ያርድ ስንት ዝቅ ይላል? አንድ ክንድ። ቁጥሬ አይዋሽም።

ኤልደን ቤት ስደርስ ኮልተን በረንዳው ላይ ቦት ጫማውን ያስራል። አልፌው ገባሁ። ኤልደን ማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ጠመንጃውን ፈታቶታል፤ መቀርቀሪያውን በዘይት ያብሳል። የጥይቱ ሣጥን ከጎኑ አለ።

«ለኮልተን ልሰጠው ነው» አለኝ ቀና ሳይል።

«ለእሱ? አፈሙዝ እንኳ ጠርጎ የማያውቅ ሰው!»

«አውቃለሁ።»

ሳልቀመጥ ነገርኩት። «ኤልደን፣ እጅህ አይደለም። ባሩዱ ነው።» ጣሳውን ነገርኩት፣ ሐምሌን፣ ጥቅምት ላይ ለምን እንዳልሞከርኩት፣ ሸንተረሩ ላይ አውቄ ዝም ማለቴን፣ የዛሬ ጠዋቱን አምስት ጥይት። ኪሴ ውስጥ ያለውን የአጥንት ስብርባሪ በጣቴ እያሻሸሁ ነበር። ስናገር እሱ መቀርቀሪያውን ማበሱን አላቆመም።

«ጨረስክ?» አለኝ።

«ጨረስኩ።»

ጨርቁን አስቀመጠ። ሣጥኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገና ክዳኑን ከፈተው። የራሴ ጽሑፍ፣ የራሴ ሐምሌ።

«ለአርባ ዓመት ያንተን ጥይት ስተኩስ እዚህ ላይ የጻፍከውን አንብቤ አላውቅም» አለ። «ምን ያስነብበኛል? የሆሊስ ነው። ትናንት መኪና ውስጥ ግን ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። አነበብኩት። ያ ባሩድ ብርድ እንደማይወድ እኔም አውቃለሁ።»

«ታዲያ እጄ ነው ያልከው...»

«ካነበብኩ በኋላ ነው ያልኩት።» ትንፋሹን ጠበቀ፤ እኔም ከእሱ ጋር ጠበቅኩ። «በር ከፈትኩልህ። ‹እጅህ አይደለም› እንድትለኝ ነው። አንተ ምን አልከኝ?»

የአጥንቱን ስብርባሪ ኪሴ ውስጥ ጨበጥኩት፤ እሱ ቀጠለ።

«ጥይቱ ምንም አይደል፤ ሰው ይሳሳታል። ኮርማውም ያሳዝነኛል፣ ግን ቃታውን የሳብኩት እኔ ነኝ፣ ካርዴን ቆርጫለሁ። ‹ዕድሜ ነው› ያልከኝን ግን ምን ላድርገው?» ሣጥኑን ዘጋና እጄ ላይ አስቀመጠው። «ኮልተን ቆሻሻ ነው። ቆሻሻ መሆኑን ግን ከእኔ ደብቆኝ አያውቅም። የቀረውን ጥይት ይዘህ ሂድ። ሁለተኛ እንዳትሞላልኝ።»

ሣጥኑን ብብቴ ሥር ያዝኩት። ጨርቁን መልሶ አነሣና ማበሱን ቀጠለ፤ እንዳልኖርኩ ቆጠረኝ።

በረንዳው ላይ ኮልተን ቆሟል። የዚያ ቤት በር ስስ ነው፤ ሁሉንም ሰምቷል። ሊስቅብኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። አልሳቀም። ጠርሙሱን መሬት አስቀምጦ ቀረብ አለኝና ትከሻዬን ያዘ፤ የትንባሆው ሽታ ፊቴን መታኝ።

«አይዞህ አለቃ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከራሱ ወገን ለሆነ ሰው እንደሚናገር። «ቪዲዮውን አጥፍቼዋለሁ። ማንም አላየም።»

«አመሰግናለሁ» አልኩት።